ባዶውን የማይመለስ ሳጥን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ስነሣ እጄ በረዶ ይፈልጋል። አትሳቁብኝ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ከእንቅልፌ እንደ ነቃሁ መጀመሪያ የምነካው የመድኃኒት ማቀዝቀዣ በረዶ ነበር። አሁን ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለችው ቤቴ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ እልና እጄን አያለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች። ልጆቼ በየፊናቸው ናቸው፤ ይደውላሉ፣ "አባባ ደኅና ነህ?" ይሉኛል፣ ደኅና ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ ያልቅብናል።

ሥራዬ በወረቀት ላይ ረዥም ስም ነበረው። በአጭሩ መድኃኒትና ክትባት ሳይሞቅ፣ በረዶም ሳይሆን፣ ካለበት ወደሚፈለግበት ማድረስ ነው። ጎንደር ጀምሬ ዳባት ሠራሁ፤ ከዳባት ደባርቅ ተዛወርሁ፤ ደባርቅ ላይ እስከ መጨረሻው ቀረሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም። አበል ሥራው ካለቀ ወዲያ ይመጣል፤ አንዳንዴም ረስቶን ይቀራል። አለቆችም መጥተው ሄደዋል። አንዱ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ከደባርቅ ጃናሞራ ያለውን በጣቱ ይለካና "ቅርብ እኮ ነው ካሣ" ይለኝ ነበር። በጣቱማ ቅርብ ነው። መሀል ያለውን ገደል ጣቱ አይወጣው አይወርደው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ምትኩ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በበቅሎ ክትባት ያደረሱ፣ ቁጡ፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን የበረዶውን ጥቅል ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ቀጥታ ሳጥን ውስጥ ልከት ስል ክንዴን ያዙኝ። ጥቅሉን ጆሮዬ ሥር ነቀነቁትና ምን ሰማህ አሉኝ። ምንም አልሰማሁም። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ ላብ እስኪያወጣ ጠበቅነው። ቆይተው ደግመው ሲነቀንቁት ውስጡ ትንሽ ውኃ ተንቦጫቦጨ። አሁን ክተተው አሉኝ፤ ቅድም ብትከተው ኖሮ ክትባቱን አቀዝቅዘህ ገድለህ፣ ሬሳ ተሸክመህ ተራራ ትወጣ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በረዶ ሳላዳምጥ ሳጥን ዘግቼ አላውቅም።

በቅሎ ሲጭኑም እንዲሁ ነበሩ። ግራና ቀኙን ሳጥን ከሥር በሁለት እጃቸው ደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በከበደው በኩል ያቃልላሉ፣ ደግመው ይጨፍናሉ። እኔ ስቸኩል በቅሎዋን ያሳዩኛል። ጭነት ሲበዛባት ሆዷን ትነፋለች፣ ጆሮዋን ትጥላለች፣ ወይ ፍንክች ብላ ትቆማለች። አራግፍልኝ ማለቷ ነው ይሉኛል፤ እናራግፍላታለን።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከመንደር ሳጥኑን ባዶውን ይዘው አይወጡም። ልውጣ ቢሉም አገሬው አያስወጣቸውም። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሣህን ወጥ ብትልክልህ ሣህኑ ታጥቦ ብቻ አይሄድላትም፤ ሽንኩርትም ትሁን፣ እንቁላልም፣ አንድ ነገር ትከትበታለህ። ክትባቱን ያመጣንበትም ሳጥን እንደ ጎረቤት ሣህን ተቆጠረ። ስንወርድ ቆሎ አለበት፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ በፋሲካ ሰሞን አይብ። ጋሼ ምትኩ አንድም ቀን እንቢ ሲሉ አላየሁም። የተቀበሉትን በግራ ቢያደርጉ ከግራው በረዶ ወደ ቀኝ ያዛውራሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እንሄዳለን። መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ ይዘግኑለታል፤ ቤታቸው የሚደርሰው እፍኝ አይሞላም።

ከሁሉ የምወደው ማረፊያዬ ከጃናሞራ ከተማ ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ በእግር የሚኬድበት አንድ ደጋ መንደር ነበር። ጓሳ ሜዳ ልበለው። የመንደሩን ስም ለውጬዋለሁ፤ የሰዎቹንም። ለምን እንደ ሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። እዚያ የማድረው አያ ንጉሤ ቤት ነው። አያ ንጉሤ ገብስ ዘርተው በግ አርብተው የሚኖሩ፣ ሚስታቸው በወጣትነቷ የሞተችባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን የሺን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። የሺ ትንሽ ሳለች የሳጥኑን ክዳን አስከፍታኝ እጇን በረዶው ላይ ትለጥፍና መልሳ ጉንጬ ላይ ታደርገው ነበር። እኔ ከቤቴ ርቄ፣ የራሴን ልጆች በዓል በዓል ብቻ እያየሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር አያ ንጉሤ ቤት የተቀበሉኝን ያህል የራሴ ቤት ተቀብሎኝ አያውቅም።

ጋሼ ምትኩ አረፉ። በቅሎዎቹም ተሸጡ። እኔም ጉልበቴ ሲከዳኝ መጋዘን ገባሁ። ኋላ ላይ ነው መድኃኒት የሚያመላልሰው ድሮን የመጣው።

ቃሉን ስጽፈው እንኳ ይቀፈኛል። ድሮን ሲባል በእኛ አገር ሰው ምን ትዝ እንደሚለው አንባቢ ያውቃል፤ ድምፁ ሲሰማ ልጁን ይዞ ጓሮ የሚገባ ነበር። ስለዚህ ጎንደር አጠገብ ባለው ጠዳ ሜዳ ላይ ልምምድ ስንጨርስ በየመንደሩ ዞረን ሽማግሌ ሰበሰብን፤ ክንፏን ቢጫ ቀብተን ምድር ላይ አስቀምጠን አሳየን። ጓሳ ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ ርቆ ሲቆም አያ ንጉሤ ቀረብ ብለው ሆዷን ዳሰሱ። ካሣ ያመጣው ነገር ክፉ አይሆንም ብለው ለሰዉ ተናገሩልኝ። ድምጿን ሲሰሙ ደግሞ ንብ ናት አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ንቧ ሆና ቀረች።

አያ ንጉሤ ያን ጊዜ የጓሳ ሜዳ ጤና ጣቢያ ጥበቃ ሆነው ነበር። አዋላጇ ሲስተር ብርቱካን ትባላለች። አሠራሩ ቀላል ነው። ሲስተር ትደውልልናለች። እኔ ደባርቅ ዳር ባለው ኮንቴይነር ውስጥ መድኃኒቱን አሽጋለሁ፣ በረዶውን አዳምጣለሁ፣ ሳጥኑን እመዝናለሁ። አብራሪው ናሆም ከኮምፒውተሩ ሆኖ ንቧን ያስነሣታል። ጓሳ ሜዳ ስታርፍ ሲስተር ሙሉውን ሳጥን ከሆዷ ፈትታ ባለፈው የቀረውን ባዶ ሳጥን ትተካበታለች፤ ዘወር ብላ በስልክ ዝግጁ ነው ትለናለች፤ ንቧ ትመለሳለች። ናሆም የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ሥራውን የሚወድ። ሰዉን ስናሠለጥን ክንፏን አትንኩ፣ ስትነሣ አትጠጉ፣ አጠገቧ እሳት አታንድዱ አልን። ሁሉን የተናገርን መስሎን ነበር።

ሥራው ሠራ፤ አልክድም። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው መርፌውን በቀኑ አገኘ። እኔና ጋሼ ምትኩ ጫማችንን የምንጨርስበትን መንገድ ንቧ ሻይዬ ሳይበርድ ደርሳ ትመጣለች። እኔ ግን ሆዴ ይባባ ጀመር። ሳጥኑ ሲመለስ እከፍተዋለሁ፤ ታጥቦ፣ ነጽቶ፣ ባዶ። ናሆም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ስክሪኑን ያያል፤ እኔ ባዶ ሳጥን ታቅፌ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሰው ሳላይ ዋልሁ እላለሁ ለራሴ። አያ ንጉሤም በሲስተር ስልክ አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። "ምነው ካሣ፣ አንተ ቀረህ፤ ንቧ እንደሆነች ቆማ አታወራ" ይሉኛል። እስቃለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ኮንቴይነሩ ይብስ ጭር ይላል።

አንድ ቀን ሲስተር ብርቱካን ሳይተነፍስ ለሚወለድ ሕፃን አየር የሚሰጡበት መሣሪያ ተቀዶባት ደወለች፤ ምጥ የያዛት ሴት አልጋ ላይ አለች። ወዲያው ላክን። ንቧ እንዳረፈች ሲስተር መሣሪያውን መንትፋ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ ባዶውን ሳጥን እንዲያስገቡ ለአያ ንጉሤ ነገረቻቸው። አስገቡ፤ ዝግጁ ነው አሉን። ናሆም አስነሣት። ስትነሣ ተንገዳገደች። "ምነው ከበዳት?" አለ ናሆም ለራሱ፤ ነፋስ መስሎት ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ገደሉ ላይ ስትደርስ ባትሪዋ ወረደ፤ ምልክቷ ስክሪኑ ላይ ተንቀጥቅጦ ቆመ።

ሁለተኛዋ ንባችን ክንፏ ተሰንጥቆ መለዋወጫ ዕቃ እየጠበቀች ነበር። ስለዚህ ሰማዩ ተዘጋብን። የወደቀችውን ፍለጋ ለመሄድ ስንዘጋጅ፣ ሳምንቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ ስልክ ጮኸ። ሲስተር ብርቱካን ናት።

"የሺ ናት" አለችኝ። "ወልዳለች። ልጁ አልተነፈሰም ነበር፤ በላካችሁት አስተነፈስሁት። ደሙ ግን እንቢ አለኝ። ያለኝን መድኃኒት ጨርሻለሁ።"

መካነ ብርሃን ደወልሁ፤ እዚያም አልቋል። ወደ ናሆም ዞርሁ። ናሆም ባዶውን የንቧን ማረፊያ ያያል። መድኃኒቱንና ደም ለሚፈሳት ሴት እግሯ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰረውን መጠቅለያ አነሣሁ። በረዶው ደረቅ ነበር፤ ድምፅ የለውም። ላብ እስኪያወጣ የምጠብቅበት ጊዜ ደግሞ የለኝም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ገብቼ ጥቅሉን በሁለት እጄ አሸሁት። እጄ ደነዘዘ፤ አልተውሁትም። መንገድ ላይ ቡያ ከሚባለው ቦታ ስንደርስ ነቀነቅሁት፤ ውኃው ተሰማኝ፤ ያን ጊዜ ሳጥኑን ዘጋሁ። ሾፌሩ ይነዳል፤ እኔ መንገዱን እራገማለሁ። መካነ ብርሃን ደርሰን መንገዱ ሲያበቃ ሳጥኑን አንግቤ በእግሬ ቀጠልሁ። ጉልበቴ የድሮው አይደለም፤ ግን ሄደ። በረዶዬ ደኅና ነበር፤ በየዕረፍቱ እያዳመጥሁት ነው የሄድሁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከፊቴ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ቃሬዛ አየሁ። የሺን ወደ መካነ ብርሃን ሊያወርዷት ወጥተው ነበር ማለት ነው። ደረስሁ ብዬ እጄን አነሣሁ። ከዚያ ልብ ብዬ ሳይ ጀርባቸውን ነው የማየው፤ ወደ መንደሩ እየተመለሱ ነበር። ሕያው የያዘ ቃሬዛ ይሮጣል፤ ተሸካሚው ይፈራረቃል፣ ይጮኻል፣ መንገድ ልቀቁ ይላል። እነዚህ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። እጄን አወረድሁ። ሳጥኑን ይዤ ከኋላቸው ሄድሁ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

በማግሥቱ ቀበርናት። የሕፃኑ አባት መሬት ላይ ተጋድሞ አይነሣም። ሕፃኑን አንዲት አራስ ጎረቤት ታጠባለች። ከቀብር መልስ አያ ንጉሤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበዋል። ሰው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል። ብዙ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ።

"ካሣ፣ ቆሎው ደረሰህ ወይ?"

"የምን ቆሎ አያ?"

"በንቧ የሰደድሁልህ። ያን ለታ ሲስተር ገባችና ሳጥኑን ለእኔ ተወችው። ስንት ጊዜ ባዶውን ስንመልስ አፍር ነበር፤ እንግዲህ ዛሬ ደረሰልኝ ብዬ ስልቻዋን ሙሉ ከተትሁልህ። የሺ ናት የቆላችው። ያን ሆዷን ይዛ፣ ገብሱን ለብቻ፣ ባቄላውን ለብቻ። ለአያ ካሣ ነው ብላ።"

ሁሉ ነገር ባንዴ ገባኝ። መንገዳገዷ፣ ባትሪው፣ ምልክቷ ገደሉ ላይ መቆሙ። በቅሎ ብትሆን ሆዷን ነፍታ ትቆም ነበር፤ ንቧ ግን የጫኑባትን ይዛ ተነሣች። ያ ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ከባዶ ሳጥን በላይ ይዛ ብትነሣ መንገዱን አትጨርስም። ይህን ናሆም ያውቃል። ሳጥን ባዶውን እንደማይመለስ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ሁለታችን በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ውለን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያሰበ አልነበረም።

ሽማግሌው መልሴን ይጠብቃሉ። ቀይ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እንዲህ ሆነ ብዬ ብነግራቸው ቀሪ ዘመናቸውን ምን ይዘው ይኖራሉ?

"ደርሶኛል አያ" አልሁ። "ሸጋ ቆሎ ነበር።"

"እሰይ" አሉ፤ እንባቸው ወረደ። "ይህንን ብትሰማው ደስ ባላት።"

ናሆም በማግሥቱ ከደባርቅ መጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተገናኘን። መንገድ ያሳዩንን ሰዎች እላይ ትተን ሁለታችን ብቻ ወረድን። ንቧ አስታ ዛፍ ሥር ክንፏ ተገንጥሎ ተኝታለች። ሳጥኑ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ነበር። ናሆም ሊከፍተው ሲል ተው ብዬ እኔ ከፈትሁት። ስልቻዋ አፏ በጠፍር ጥርቅም ብሎ ታስሮ እንደተቀመጠች አለች፤ አንዲት ፍሬ አልፈሰሰባትም። ናሆም በእጁ አንሥቶ መዘናት። ፊቱን አየሁት፤ ተረዳው። ማን እንደ ቆላችው ግን አያውቅምና ነገርሁት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ።

እኔ ጠፍሩን ፈታሁ። ደርሶኛል ብዬ የለ? ሸጋ ነበር ብዬ የለ? ዘገንሁና አፌ ውስጥ ከተትሁ። ደኅና አድርጋ ነው የቆላችው፤ አንድም ያረረ፣ አንድም ጥሬ የለበትም። እያለቀስሁ አኘክሁ። ለናሆምም ዘገንሁለት፤ ተቀበለኝ።

ለሽማግሌው ይነገራቸው ወይ አለኝ ስንወጣ። አይነገርም አልሁት። እሱም ለአለቆቹ ያልታወቀ ክብደት ብሎ አስታወቀ፤ ለየጤና ጣቢያው ሁሉ ሳጥኑ ሲመለስ ምንም እንዳይገባበት አስጠነቀቅን። ለጓሳ ሜዳ የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ደንብ ወጣ፣ አለቆች ተቆጡን አልኋቸው። አያ ንጉሤን ገረማቸው። "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ቆሎ የሚከለክሉ?" አሉኝ። እውነትዎን ነው አልሁ።

ሌላ ንብ መጣች፤ ጥቂት ሠራች። ኋላ አገሩ ሰላም ሲያጣ በረራው ቆመ፤ ኮንቴይነሩ ተዘጋ፤ የእኔም ዕድሜ ሞልቶ ነበርና ቁልፉን አስረክቤ ጎንደር ወረድሁ። ናሆም ከአገር ወጥቷል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ሁለታችንም ስለ አየሩ እናወራለን፤ ስለዚያች ስልቻ አናነሣም። አሁን አይደውልም። ስለዚህ ይህን ነገር የሚያውቅና አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው የለኝም።

ስልቻዋ እኔ ዘንድ ናት፤ አልጋዬ ራስጌ ምስማር ላይ ሰቅያታለሁ። ቆሎውን ከናሆም ሌላ ለማንም አልዘገንሁም፤ ጋሼ ምትኩ ይቅር ይበሉኝ፣ እፍኝ እፍኝ እያልሁ ብቻዬን ጨረስሁት። የሰው ዕቃ ናት፤ መመለስ አለባት፤ ባዶዋን ደግሞ አትመለስም። በየበዓሉ ፒያሳ እወጣለሁ። ስኳር አያለሁ፣ ለየሺ ልጅ ጫማ አያለሁ፣ ደብተር አያለሁ። ባለ ሱቁ ምን ልስጥህ አባት ይለኛል፤ ቆይ እለዋለሁ። የሺ ለቆላችው ቆሎ ምላሽ የሚሆን ነገር ሱቅ ውስጥ አጥቼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

አያ ንጉሤ ዛሬም መረብ ሲገኝ ይደውላሉ። ባለፈው ሰሞን ልጁን አቀረቡልኝ፤ እያለከለከ፣ እየሳቀ፣ አያ ካሣ አለኝ። ድምፁ ቁርጥ እናቱ ነው። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ቀለዱብኝ።

"አንተ ካሣ፣ ቆሎዬን በልተህ ስልቻዬን አስቀረሃት። መቼ ነው የምታመጣት?"

"ልሞላት ብዬ ነው የዘገየሁ፣ አያ" አልኋቸው።

"ምን ልትሞላት? አንተ ብቻ ና" አሉኝ።